በፌስታል የተቋጠረ ውሃ

ያ ዓመት ክፉ ነበር። ዝናቡ ሐምሌ አምስት ቀን ገባ፣ ነሐሴ ሳይጋመስ ወጣ። ገብሱ ስንዝር ሳይሞላ ደረቀ። ጤፉ አልዘረዘረም። መስከረም ላይ ሰው ማሳው ውስጥ ከብት ለቀቀ፤ የሚታጨድ አልነበረም። ጥቅምት ላይ ከብልባላ ገበያ በግ የሚገዛ ጠፋ፣ የሚሸጥ በዛ። ኅዳር ሲገባ ምንጩ አነሰ።

ሌላውን ሁሉ ወልደ ሰንበት ቻለው። የእህል መጥፋት ያውቃል፤ በሰባ ሰባት ከዚህ የባሰ አይቷል። ምንጩ ግን በሰባ ሰባትም አላነሰም። ከጥቁሩ ገደል ሥር ይወጣል፣ ስምንት ቤት ይጠጣዋል። ወልደ ሰንበት የሚለካበት የራሱ መንገድ ነበረው። ሃያ ሊትሩን ጄሪካን ይደቅንና አቡነ ዘበሰማያት ይደግማል። ድሮ አሥር ጊዜ ሳይሞላ ጄሪካኑ ይሞላ ነበር። አሁን ስልሳ ደገመ። በማግስቱም ሄዶ ደገመ፤ ስልሳ ሁለት።

ውሃ በራሱ እግር አይሄድም፣ አለ በልቡ። የወሰደው ሰው አለ።

ሰውየውን ለማግኘት ሩቅ መሄድ አላስፈለገውም። ከምንጩ በላይ የእሱ የራሱ ባሕር ዛፍ አለ፤ ከባሕር ዛፉ በላይ የአለሜ ቤት። አለሜ ከሁለት ዓመት በፊት ከቤቱ ጀርባ ጉድጓድ ቆፍሯል። ሁለት ሰው ቁመት ይሆናል ይባላል። ዙሪያውን በእሾህ አጥሮታል፣ ለማንም አላሳየም። ሰው የማይደብቀውን ነገር በእሾህ አያጥርም። ደግሞ በዚህ ድርቅ የአለሜ ጎመን ለምልሟል። ወልደ ሰንበት ይህን ሁሉ ከታች ሆኖ አይቷል። ከታች ሆኖ የሚያየው በአለሜ ደጅ ስለማያልፍ ነው። ወደ ቤተ ክርስቲያን የሚያወጣው አቋራጭ በአለሜ ደጅ ነው፤ እሱ ግን በታች በኩል ይዞራል፤ ዓመታት ሆኖታል።

የሚዞርበት ምክንያት ነበረው። በሰባ ሰባት ሁለቱም በሬዎቹ አለቁበት። ዝናቡ ሲመለስ መሬቱ ነበር፣ የሚያርስበት ግን አልነበረም። አለሜ የራሱን ማሳ ትቶ፣ በራሱ በሬዎች፣ አራት ቀን አረሰለት። «ቀን ሲወጣልህ ትመልሳለህ» አለው፤ ሌላ ቃል አልተናገረም። ወልደ ሰንበት የራሱን በሬ እስኪያቆም ሦስት ዓመት ፈጀ። ያኔ ልመልስ ሲል አለሜ ጥማዱ ጠንክሮ፣ «ይቆይ» አለው። በዓመቱ ደግሞ የወልደ ሰንበት ልጅ ታመመ። ከዚያ ወዲያ ለመናገር አስቸጋሪ ሆነ። ሳይከፈል የቆየ ነገር ያሳፍራል፤ ሲያፍር ሰው መንገድ ይለውጣል። መንገድ የለወጠ ሰው ደግሞ ባለውለታውን ከሩቅ እያየ ነውር ይፈልግለታል። ወልደ ሰንበት ይህን ለራሱ እንዲህ አድርጎ ነግሮት አያውቅም። የሚያውቀው አለሜን እንደማያምነው ብቻ ነው።

ኅዳር አራት ቀን ወደ ቄስ ገብረ ሚካኤል ሄደ።

«አባ፣ አለሜ ይማልልኝ።»

«በምን ነገር?»

«ውሃውን ቆርጧል።»

«አይተሃል?»

«ጉድጓዱን አይቻለሁ።»

«እኔ ስለ ውሃው ነው የጠየቅሁህ።»

ቄሱ መቋሚያቸውን ከአንዱ እጅ ወደ አንዱ አዛወሩ።

«መሐላ ጨዋታ አይደለም። ምሎ ከወጣ በኋላ እሳት አትጫጫሩም። ሲሞትበት አትሄድም፣ ሲሞትብህ አይመጣም። አስበህበታል?»

«አስቤበታለሁ፣ አባ።»

«እንግዲያው ለኅዳር ሚካኤል፣ ከቅዳሴ በኋላ ደጀ ሰላሙ ላይ እንቀመጣለን። ለአለሜም እልክበታለሁ። እስከዚያ ግን ዓይንህን ክፈት።»

ዓይኑን ከፍቶ የኖረ ሰው ነው፤ ምክሩ አናደደው።

ኅዳር ሰባት ቀን ጠዋት ወደ ምንጩ ሲወርድ ባሕር ዛፉ ውስጥ አንድ ነገር አብለጨለጨ። ቀረበ። ፌስታል ነው። ውስጡን የሚያሳይ ነጭ ፌስታል፤ ቅጠል ያለው የቅርንጫፍ ጫፍ ላይ ተጠልቆ አፉ በቀይ ክር ተቋጥሯል። ዞር ሲል ሌላ አየ። ከዚያ ሌላ። ሰባት ቆጠረ። አንዱን በዱላው ጫፍ ነካ አደረገው። ውስጡ ውሃ ተንቀሳቀሰ።

ዱላውን መለሰ። ሰማዩን አየ፤ ጥርት ያለ ሰማያዊ ነው። ዝናብ ከቀረ ሦስት ወር ሊሆነው ነው። ጤዛ ቢሆን ከውጭ ይቀመጣል እንጂ የተቋጠረ ነገር ውስጥ አይገባም። ያለ ውሃ ወደ ቤቱ ተመለሰ።

ሚስቱ ይማርሽ ደጅ ላይ ሰፌድ ይዛ ምስር ትለቅማለች።

«መተት ተደርጎብናል» አላት።

«የት?»

«ባሕር ዛፉ ላይ። ሰባት ነው። በቀይ ክር ተቋጥሯል።»

«ውስጡ ምን አለ?»

«ውሃ።»

«ታዲያ ይሄ የደግ ሰው መተት ነው። ውሃ በጠፋበት ዓመት ውሃ አንጠልጥሎልን ሄደ።»

«ትስቂያለሽ?»

«ማን ሳቀ? ብቻ እንዳትነካው።»

«ለምን አልነካውም?»

«አትንካው አልኩህ በቃ።»

ወልደ ሰንበት እጇን አየ። ይማርሽ ነገር ስትደብቅ የለቀመችውን ምስር ገልብጣ እንደገና ትለቅማለች። አሁንም ገለበጠችው። አርባ ዓመት አብሯት የኖረውን ሴት ያን ጠዋት ጠረጠራት።

ተመልሶ ወረደና ከባሕር ዛፉ ዳር ካለ ቋጥኝ ጀርባ ተቀመጠ። ያሰረ ሰው ሊፈታ ይመጣል። ፀሐይ አናት ላይ ስትደርስ የእግር ኮቴ ሰማ። አንድ ሰው አይደለም፤ ብዙ ነው። ዩኒፎርም የለበሱ አሥር ያህል ተማሪዎች፣ ከኋላቸው አስተማሪቱ። ያውቃታል። መክሊት ትባላለች፣ ዘንድሮ ከደላንታዋ ከተማ ከወገል ጤና ተመድባ የመጣች ናት። የደላንታ ልጅ ከእሱ ዛፍ ውስጥ ምን ትፈልጋለች? ቀጥሎ ፊት ፊት የምትሄደውን ልጅ ለየ። የአብስራ፣ የአለሜ የልጅ ልጅ።

ነገሩ ሁሉ የገባው መሰለው። ከቋጥኙ ጀርባ ብድግ አለ።

«ቁሙ!»

ቆሙ። አንዱ ልጅ የያዘውን የመድኃኒት ጠርሙስ ጣለ።

«እንደምን ዋሉ፣ አባባ» አለች መክሊት፣ ራሷን ዝቅ አድርጋ።

«ማን ላካችሁ?»

«ማንም አልላከንም። የምንለካው ነገር አለ፣ ለትምህርት ነው። ትናንት ስናስር ባለቤትዎን አስፈቅደናል።»

«ባለቤቴን?»

«እማማ ይማርሽን። ‹እኔ እነግረዋለሁ› አሉን።»

የምስሩ ነገር አሁን ተፈታ። ቁጣው ግን አልበረደም፤ ሴትዮዋ ስታላግጥበት ውላለች።

«የምትለኩት መሬት ነው? እዚህ ታች ላሊበላ ስንት ሰው ለክተው አስነስተዋል። እኛንም ልታስነሱ ነው?»

«የምንለካው ቅጠል ነው፣ አባባ።»

«ቅጠል ምኑ ይለካል?»

የአብስራ ደብተሯን ገለጠች። አነበበች። «ጥያቄ አንድ። ሥር የጠጣው ውሃ ወዴት ይሄዳል? ጥያቄ ሁለት። ዝናብ በሌለበት ወር ምንጭ ውሃ ከየት ያመጣል? ጥያቄ ሦስት። ምንጭ ለምን ይደርቃል?»

«ሦስተኛውን የጻፈው አያትሽ ነው።»

«አይ፣ እኔ ነኝ የጻፍኩት» አለች መክሊት። «በየዓመቱ ተማሪ የሚጠየቀው ጥያቄ ነው። ዘንድሮ መልሱ ከደጃችን ሆነና ወጣን። ካልፈቀዱ ፈትተን እንሄዳለን።»

አልፈቀደም፣ አልከለከለም። ዱላውን ተደግፎ አየ። ልጆቹ ፌስታሉን አንድ በአንድ እየፈቱ ውሃውን መስመር በተሰመረበት የሽሮፕ ጠርሙስ ገለበጡት። ከሰባቱ አምስቱ ከባሕር ዛፉ ላይ ነበሩ፤ ሁለቱ ዳር ላይ ካለችው ወይራ። የባሕር ዛፉ ውሃ እስከ ሦስተኛው መስመር ደረሰ። የወይራዋ የጠርሙሱን ሥር እንኳ አልሸፈነም።

መክሊት ለልጆቹ ስትናገር እሱም ሰማ። ዝናብ ከላይ አፈሩ ውስጥ ይሰርጋል፣ በተሰነጠቀው ድንጋይ ይወርዳል። ስንጥቅ የሌለው ድንጋይ ሲገጥመው መውረድ ያቅተውና በላዩ ይሄዳል፤ ገደሉ የተቆረጠበት ቦታ ሲደርስ ምንጭ ሆኖ ይወጣል። መንገድ ላይ ሥር ካገኘው ግን ሥሩ ይጠጣዋል፣ ቅጠሉ ወደ አየር ይለቀዋል። የለቀቀው ነው እዚህ የተቋጠረው።

«ስለዚህ ምንጩን ያደረቀው የእኔ ዛፍ ነው ልትይ ነው» አላት።

«ያን አላልኩም። ዝናቡም ጠፍቷል። ምን ያህሉ የዝናቡ፣ ምን ያህሉ የዛፉ እንደሆነ አላውቅም። ጥያቄ ነው።»

«ትናንት ከሄዳችሁ በኋላ ሰው መጥቶ ውሃ ጨምሮበት ቢሆንስ?» ይህን ሲል የአብስራን እያየ ነው።

መክሊት አልተቆጣችም። «ይሄማ ጥሩ ጥያቄ ነው» አለች። «ልጆች፣ ጥያቄ አራት ብላችሁ ጻፉ።»

አሥሩም ጎንበስ ብለው ጻፉ። ወልደ ሰንበት ብዕሮቹን እየተዘዋወረ አየ። በሕይወቱ የተናገረው ነገር ተጽፎ አያውቅም። ይህም ማታለያ እንዳይሆን ጠረጠረ።

«እንግዲያው አራተኛውን እርስዎ ይሥሩልን» አለችና ሰባት ባዶ ፌስታል ሰጠችው።

በማግስቱ ገና ብርሃን ሲሆን ወረደ። በክር አላሰረም፤ በልጥ፣ በሬ በሚያስርበት አስተሳሰር አሰረ። ያን ቋጠሮ በመንደሩ ከእሱ በቀር የሚያውቀው የለም። አንዱን ፌስታል ሆን ብሎ ቅጠል በሌለው ደረቅ ጭራሮ ላይ አጠለቀ። ከዚያ መሐል ቁጭ አለ። ምሳውን እዚያው በላ። ለሽንት ሲነሳ እንኳ ፊቱን ወደ ዛፎቹ አድርጎ ነው።

ሰው አልመጣም። ረፋድ ላይ ፌስታሎቹ ከውስጥ አላባቸው፣ ሰው እንደተነፈሰበት መስታወት። እኩለ ቀን ላይ ጠብታው ተያይዞ መውረድ ጀመረ። ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ከታቻቸው ውሃ ተጠራቀመ። የደረቀው ጭራሮ ፌስታል ባዶውን ቀረ።

አንዱ ቅርንጫፍ ላይ ያለውን ቅጠል ቆጠረ፤ ስልሳ አራት ሆነ። የዛፉን ቅጠል ልቁጠር ብሎ ቀና አለና ተወው። ዛፎቹን ቆጠረ። ሦስት መቶ አርባ። ከሃያ ሁለት ዓመት በፊት ሲተክላቸው ምንጩ አሥር አቡነ ዘበሰማያት ነበር። ዛፉ የቤት ቁመት ሲደርስ አሥራ አምስት ሆነ። በመጀመሪያ ሲቆርጥ፣ ልጁን የዳረ ዓመት፣ ሃያ አምስት ነበር። ቁጥሩን ሁሉ ያስታውሳል። ዛፉንና ቁጥሩን ጎን ለጎን አስቀምጦ አይቶት ግን አያውቅም። አሁን አየው፤ አልወደደውም።

በክፉ ቀን ቤቱን ያወጣው ያ ዛፍ ነው። ጥሩ ዝናብ በሌለበት ዓመት አሥር አጠና ቆርጦ ይሸጣል፣ እህል ይገባል። ዘንድሮም የሚተማመነው በእሱ ነበር።

አንድ ነገር ቀረ፤ ጉድጓዱ። ዛፉ ጥቂት ይጠጣ፣ ዋናውን የወሰደው ጉድጓዱ ይሆናል። ኅዳር አሥር ቀን አለሜ ከቤት መውጣቱን ከታች ሆኖ አየና በጓሮ በኩል ወጣ። እሾሁን በዱላው ገለል አድርጎ አንገቱን አሰገገ። ከማየቱ በፊት ከኋላው ድምፅ መጣ።

«ግባ እንጂ ወልዴ። እንዲህ አጥር ላይ ተንጠልጥለህ ቁራ መሰልክ።»

አለሜ ነው። የረሳውን ማጭድ ሊወስድ ተመልሷል።

ወልደ ሰንበት ዞረ። አለሜ እሾሁን በእጁ ስቦ ከፈተለት።

«ና እይ። አርባ ዓመት በሩቅ ካየኸኝ አንድ ቀን በቅርብ እይ።»

ጉድጓዱ እስከ አፉ ጭድ ተሞልቷል። አለሜ አጠገቡ የነበረውን የጭድ ማንሻ ሹካ ሰካበት፤ ብረቱ ጭድ ውስጥ ሰጠመ።

«ሁለት ክረምት ውሃ ልይዝበት ሞከርኩ። ከሥሩ ያለው ድንጋይ ስንጥቅጥቅ ነው፣ ያደረ ውሃ ጠዋት የለም። ዘንድሮ ያምናን ጭድ ከተትኩበት። የከብት ሌባ ሳይሆን የጭድ ሌባ የበዛበት ዓመት ነው፤ ለዚያ ነው ያጠርኩት።»

«ጎመኑስ?»

«ምራቴ ልብስ የምታጥብበትን ነው የሚጠጣው። በእሱም ልምል ነው?»

ወልደ ሰንበት ጭዱን አየ። እፍኝ አንስቶ አሸተተ። ደረቅ ነው፣ ሻጋታ የለውም። ከሥሩ እርጥብ ነገር ቢኖር ኖሮ ይሻግት ነበር።

«ለሚካኤል እንዳስጠራኸኝ ነገሩኝ» አለ አለሜ።

«አስጠርቻለሁ።»

«እመጣለሁ። እምላለሁም። ግን አንድ ነገር ልንገርህ። ያን አራት ቀን አንድ ቀን ጠይቄህ አላውቅም። በረሃብ ዓመት አራት ቀን የሰጠሁህ ሰው ውሃ እሰርቅብሃለሁ?»

ወልደ ሰንበት እፍኙን ጭድ መለሰ። በመጣበት ጓሮ ወረደ። ማታ ይማርሽ ጠየቀችው፤ «ምን አየህ?» አለች። «ጭድ» አላት።

በኅዳር ሚካኤል ከቅዳሴ በኋላ ሽማግሎቹ ደጀ ሰላሙ ላይ ተቀመጡ። አለሜ ነጠላውን አጣፍቶ፣ ባዶ እግሩን ቆመ። ሊምል የተዘጋጀ ሰው አቋቋም ነው። ቄስ ገብረ ሚካኤል ወደ ወልደ ሰንበት ዞሩ።

«ከሳሽ፣ ተናገር።»

ወልደ ሰንበት ተነሣ። ምላሱ ላይ የነበረው ሌላ ነው፤ ዛፉን ሳይጠራ «ትቼዋለሁ» ብሎ መቀመጥ ይችላል። ማንም አይጠይቀውም። ነገር ግን እንዲያ ካደረገ ጥርጣሬው አለሜ ላይ ተንጠልጥሎ ይቀራል።

«መሐላው ይቅር» አለ። «ውሃውን የወሰደውን አግኝቼዋለሁ።»

«ማነው?»

«የእኔ ባሕር ዛፍ።»

ከኋላ አንድ ሰው ሳቀ። ሌላው ተከተለ። «ይማልልህ በለዋ!» አለ አንዱ። «በየትኛው እጁ ወንጌሉን ይይዛል?» ቄሱ ራሳቸው በነጠላቸው ጫፍ አፋቸውን ሸፈኑ። አለሜ ብቻ አልሳቀም። ወልደ ሰንበትን አየው፤ ከዚያ ጎንበስ ብሎ ጫማውን አጠለቀ።

በማግስቱ መቁረጥ ጀመረ። ከምንጩ በላይ ያለውን፣ ከሦስት መቶ አርባው ሁለት መቶውን። መክሊት ተማሪዎቿን ይዛ መጥታ፣ «ጉቶው ካልተነቀለ መልሶ ያቆጠቁጣል፣ ሥሩም መጠጣቱን አይተውም» አለችው። ያውቃል፤ ስንት ጊዜ ቆርጦ በቅሎለታል። ነቀለው። ትልቁ ጉቶ ብቻውን አንድ ቀን ይፈጃል። አለሜ አንድ ጠዋት መጥረቢያ ይዞ ወረደ።

«ላግዝህ።»

«ተመለስ።»

«እንዴት?»

«ያለብኝ አልበቃ ብሎ ሌላ ልትጨምርብኝ ነው? ተመለስ አልኩህ።»

አለሜ እየሳቀ ተመለሰ። በአርባ ዓመት ውስጥ እርስ በርሳቸው ተናግረው አንዱ ሲስቅ ያ የመጀመሪያው ነበር።

የተቆረጠው በጥር ተሸጦ እህል ገባ። ለሽያጭ የደረሰ ሌላ ዛፍ አልቀረም። በየካቲት ከአለሜ ጥማድ ግራው በሬ ወደቀ፤ ያ በእሾህ የታጠረው ጭድ ሳይቀር አልቆ ነበር። መጋቢት ሦስት ቀን የበልግ ዝናብ ጣለ። ሁለት ቀን ዘነበና መሬቱ ለማረሻ ተመቸ። በየቤቱ ሰው ወደ ማሳው ሮጠ። እንዲህ ያለ እርጥበት ከሳምንት በላይ አይቆይም።

ወልደ ሰንበት ንጋት ላይ በሬዎቹን ጠምዶ ወጣ። ወደ ራሱ ማሳ አልሄደም።

አለሜ ማሳው ዳር አንድ በሬ ይዞ ቆሟል፤ የሚቀናጀው ሰው እየጠበቀ ነው።

«ማሳህ ወዲያ ነው» አለው። «መንገድ ተሳሳትክ?»

«አልተሳሳትኩም። አራት ቀን አለብኝ።»

«እርጥበቱ ያልፍብሃል። የራስህን አስቀድም።»

«አንተ የራስህን አስቀድመህ ነበር?»

አለሜ በሬውን ወደ ጎን ሳበ።

አንዱ አረሰ፣ አንዱ ድንጋይ ለቀመ። ሁለተኛው ቀን ላይ የአብስራ ከትምህርት ቤት ስትመለስ ዳር ቆማ፣ «አባባ፣ ምንጩን ዛሬ ለክተነዋል» አለችው። «በስልክ ሰዓት ሃያ አራት ደቂቃ። በኅዳር ሠላሳ አንድ ደቂቃ ነበር።»

«እኔም ለክቻለሁ» አላት ማረሻውን ሳያቆም። «አርባ ስምንት አቡነ ዘበሰማያት። ግን ዝናቡም ሊሆን ይችላል። እሱንም ጻፊ።»

ጻፈችው።

አራተኛው ቀን ላይ ፀሐይ ሳታዘቀዝቅ የመጨረሻው ትልም ዳር ደረሰ። ሞፈሩን አነሣ፣ ቀንበሩን ፈታ። የእሱ ማሳ ግማሹ ደርቋል፤ የቀረውን ነገና ከነገ ወዲያ ይሞክረዋል። አለሜ መጥቶ ትልሙን በእግሩ ረገጠ፣ ጥልቀቱን አየ። ሥራ የሚመረምር ሰው ፊት ነበረው። ወልደ ሰንበት ጠበቀ።

«ሞልቷል» አለ አለሜ። «አራት።»

«አራት» አለ ወልደ ሰንበት።

ሞፈሩን ተሸከመ። በሬዎቹ የለመዱትን፣ በታች በኩል የሚዞረውን መንገድ ያዙ። በፉጨት መለሳቸውና በአለሜ ደጅ በኩል ነዳቸው።